ከሰገነቱ የለቀቅኩት ጋዝ

የመጀመሪያ ቀን አሠሪዬ አቡ ነዋፍ ስሜን ሳይጠይቅ እጄን ያዘኝ። ጅዳ፣ ግዳዲያ ሠፈር ካለው ወርሻው፣ ማለት ከጥገና ቤቱ፣ በራፍ ላይ አንድ የመስኮት ሙከይፍ ተከፍቶ ይሠራ ነበር። ሙከይፍ የሚሉት አየር ማቀዝቀዣውን ነው። መዳፌን ጎትቶ ከፊቱ ደቀነው፤ ቀዘቀዘኝ። ከዚያ ወደ ኋላው ወስዶ ደቀነው፤ ፈጀኝ።

«ምንድን ነው የሚሠራ?» አለኝ።

«ብርድ» አልኩት በተሰባበረ ዐረብኛ።

ሳቀብኝ። «ብርድ የሚሠራ ማሽን አላህ አልፈጠረም። ይኼ ተሸካሚ ነው። ከቤት ውስጥ ሙቀቱን ተሸክሞ ውጭ ይጥላል። አንተም ከዛሬ ጀምሮ ተሸካሚ ነህ። መዳፍህን ጠብቃት። ጌጅ ይዋሻል፣ መዳፍ አይዋሽም።»

ሥራ የገባሁት በዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ይኼን የምጽፈው አሁን ጌጅ፣ የጋዝ ግፊት መለኪያውን፣ ለያዛችሁት ነው። ፊደሌ ቢጣመም ታገሡኝ፤ ቱቦ ስበይድ ግን አልጣመምኩም።

ሙቀቱን የሚሸከመው ጋዙ ነው። በመዳብ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ይተንና ሙቀት ይጠጣል። ውጭ ሲወጣ ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀውና የጠጣውን ይተፋል። ይኼን ያወቀ ግማሹን ሥራ አወቀ።

አሮጌ ሙከይፍ ስናወርድ አንድ ልማድ ነበረን። ቱቦውን በፒንሳ ቆርጦ ፊትን ማዞር። ጋዙ ፍሽሽ ይላል፣ ያልቃል፣ ዕቃው ይወርዳል። «ለሰማይ ስጠው» ይለን ነበር አቡ ነዋፍ፤ ሁላችንም ለሰማይ ሰጠን። እኔ ፉጨቱን ሰምቼ ስንት እንደቀረ እናገር ነበር። ሰው እየመጣ ያዳምጠኛል። ያ ድምፅ ለእኔ ደስ የሚል ድምፅ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

በወርሻው ሦስት ማዕረግ አለ። ታች ተሸካሚው ነው፤ መሰላል ይይዛል፣ ዕቃ ያወጣል። መካከለኛው ፈንኒ ነው፤ ባለሙያ ማለት ነው። ላይኛው ሙዐሊሙ ነው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ እሱም አንድ ብቻ። የወርሻው ቁልፍ የሱ ኪስ ውስጥ ነው። ጠዋት በሩን የሚከፍተው እሱ፣ ደንበኛ ሲመጣ ከፊት የሚቀመጠው እሱ። ሙዐሊማችን የመናዊ ነበር። ታሞ አገሩ ሲገባ አቡ ነዋፍ ቁልፉን ለጊዜው ራሱ ያዘው። እኔ ከሁሉ የቆየሁ ፈንኒ ነበርኩ። ተራዬ ደረሰ ብዬ ተቀመጥኩ።

ይማም የመጣው ያን ጊዜ ነው። የአገሬ ሰው ነው፣ የወሎ ለጋምቦ። የእኔ ቤተ ሰብ ከአምባ ፈሪት ተራራ ወዲህ ነው፣ የሱ ወዲያ። አርባ ያለፈው፣ ባለ ትዳር፣ ሁለት ሴቶች ልጆቹ ጅዳ ትምህርት ቤት የሚሄዱ። መዳብ ማጠፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በብር ዘንግ መበየድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ወረቀቱ፣ እንደ እኔው በአቡ ነዋፍ ስም ነበር።

ግን ዐረብኛ ያነባል። ከአዲስ ዕቃ ሳጥን የሚወጣውን ወረቀት እኔ መሬት ስጥለው እሱ አንሥቶ አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ዓመት ሳይሞላው ደንበኛው «ባሽሙሀንዲስ» ይለው ጀመር፣ መሐንዲሱ ማለት ነው። እኔን «ያ ዐም» ይሉኛል፣ አጎቴ። ለአጎት ሻይ ይሰጡታል እንጂ ሥራ አይሰጡትም።

ቅናት የያዘኝ ከዚያ ነው።

አንድ ጊዜ መካ ላይ፣ መንሱር ሠፈር፣ የሐጃጆች ማረፊያ ቤት አሮጌ ሙከይፎቹን ልናወርድ ሄድን። ፒንሳዬን አወጣሁ። ይማም እጄን ያዘ።

«ጋሽ ሰይድ፣ አይቁረጡት። ልሰብስበው።»

«እርጎ ነው የምትሰበስበው?»

«ጋዙን። መሳቢያ ማሽን ይዣለሁ።» ከተዘጋ ወርሻ የወደቀ ማሽን አንሥቶ ራሱ ጠግኖታል። ጋዙን ከቱቦው እየሳበ ባዶ ሲሊንደር ውስጥ ይጨምራል።

«ሰማይ ጠበበብህ?»

«አልጠበበም ጋሼ። ግን የላክንለትን አይመልስልንም፣ ይዞ ነው የሚቀመጠው።»

እኔ በአንድ ፉጨት የምጨርሰውን እሱ ቆሞ፣ ጠብቆ፣ መዝኖ ነው የሚያነሣው። ቀኑ አለቀ። ለአቡ ነዋፍ ከሰስኩት። «ሥራ ያጓትታል» አልኩት። አቡ ነዋፍ ሲሊንደሩን በዱላው ነካ ነካ አደረገና «ተወው፣ ይልመድብህ» አለኝ። ይልመድበት ሳይሆን ይልመድብህ፤ አንተም እንደሱ ሥራ ማለቱ ነው። ያችን ቃል ስንት ቀን አኘክኋት።

ይማም የሰበሰበውን በወርሻው ሰገነት ላይ፣ ከውሃው ታንከር ሥር ጥላ ውስጥ ያስቀምጠው ነበር። በየሲሊንደሩ ላይ ክብደቱንና የመጣበትን ሠፈር በቀለም ይጽፋል። ሲበዛ ለሚያጣራ ድርጅት ሊሰጠው ነው።

ከዚያ ደግሞ የነካሳው መጣ። ነካሳ መካ ውስጥ ዳገት ላይ የተሠራ ሠፈር ነው፤ ቤቱ በቤት ላይ ነው። እዚያ ሐጃ ዘይነብ የምትባል አሮጊት አለች። አያቶቿ ከወሎ የመጡ፣ እሷ እዚያው የተወለደች። አማርኛዋ ከእኔ የጠራ ነው፤ የልጅ ልጆቿ ግን በዐረብኛ ነው የሚመልሱላት። የላይኛው ክፍሏ ምድጃ ሆነባት። እኔን ጠራችኝ፣ ደንበኛዬ ነበረች።

አየሁና «ሙከይፉ አነሰ፤ ትልቅ ይግባ» አልኳት። ትልቅ ገባ። ክፍሉ ትንሽ በረደ፤ የትልቁ ትንፋሽ ግን መተላለፊያዋን፣ የጎረቤቱን መስኮት ሁሉ ለበለበው። ጎረቤቱም ትልቅ አስገባ። መንገዱ ላይ መቆም አልተቻለም።

ሐጃ እኔን ትታ ይማምን ጠራች። እሱ ሙከይፉን አልነካም። ጣራዋ ላይ ወጣ። ጥቁር የሬንጅ ጣራ ነው። በነጭ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባው። በሳምንቱ ትልቁን አውርዶ ትንሹን መለሰላት። ክፍሉ በረደ።

እንዳይ ብላ አስጠራችኝ። ሦስታችን ጣራው ላይ ቆምን። ይማም መዳፌን በነጩ ላይ፣ ከዚያ ቀለም ባልደረሰው ጥቁር ጠርዝ ላይ አደረገው። አቡ ነዋፍ በመጀመሪያ ቀን እንዳደረገኝ። የገዛ ትምህርቴን መልሶ ለእኔ።

«ነጭ ፀሐይን ይመልሳታል፣ ጥቁር ይጠጣታል» አለ። «የእኛ አምባ ፈሪት በረዶ ለብሶ ሲውል ፀሐይን ወደመጣችበት ይመልሳት ነበር። ሙቀት ሲጨምር በረዶው ይሳሳል፣ ጥቁሩ ዐለት ይገለጣል። ዐለቱ ፀሐይ ጠጥቶ ይሞቅና የቀረውን በረዶ ይጨርሰዋል። በረዶው ባነሰ ቁጥር ይብስ ያንሳል። በምድር ጫፍና ጫፍ ያለው ትልቁ በረዶም እንዲሁ ነው እየሄደ ያለው።»

«ሙቀቱን ምን ጨመረው?» አለችው ሐጃ።

«ምድር ብርድ ልብስ አላት፣ ሐጃ። ብርድ ልብስ እሳት የለውም፤ የገላዎን ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። ምድርም ከፀሐይ የጠጣችውን ሙቀት ወደ ላይ ትሰዳለች። አየሩ ጥቂት ይይዝላታል፣ ያለዚያማ በብርድ እናልቅ ነበር። እኛ የነዳጅ ጭስ ሰደድንና በብርድ ልብሱ ላይ ሌላ ደረብንባት። የእኛ የሙከይፍ ጋዝ ደግሞ ከጭሱ ይብሳል፤ ጥቂቱ ብዙ ሙቀት ይይዛል።»

ዝም ማለት አቃተኝ። «ሰማይን የሚያህል ነገር የእኔ አንድ ቱቦ ምን ታደርገዋለች?» አልኩት።

«በዚህ ዳገት ላይ ስንት ሙከይፍ ይታየዎታል ጋሼ?»

ሐጃ ዘይነብ ወደ እኔ ዞራ «ሰይድ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ስትመጣ ጣራዬን አይተኸው ታውቃለህ?» አለችኝ። ክፉ ብላ አይደለም። ግን ለይማም ዱዓ አደረገችለት፣ ለልጆቹም። ለእኔ ሻይ ቀዳችልኝ።

የዚያኑ ሰሞን ወንድሜ ሁሴን ከአገር ደወለ። ሁሴን ገበሬ ነው፣ ተራራው ሥር።

«ዘንድሮም ውርጭ አልጣለም» አለኝ። «ገብስ ብቻ የምናውቅበት መሬት ላይ ጎረቤት ጤፍ ዘራ። በቀለለትም።»

«ደግ ነዋ።»

«ደግ መስሎን ነበር። ትል ያዘው። ውርጩ ነበር ለካ ትሉን የሚገድልልን። ምንጩም ቀጠነ። ወባ የሚሉት ትንኝ ባላወቅንበት ደጋ መጣ። የጅብራው መብቀያም፣ ጭላዳ ዝንጀሮውም ወደ ላይ ሸሸ፤ ከጫፉ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ድሮ በረዶ ሲጥል ከላይ ሦስት ቀን ይቀመጥ አልነበር? አሁን እስከ ጥዋቱም አይቆይ።»

ከመዝጋቱ በፊት እንዲህ አለኝ፦ «ምክንያቱን ይማም ለቤተ ሰቡ ደውሎ አስረድቷል። ስልኩን ከፍተውት ሁላችን ሰማን። እንዴት ያለ ዐዋቂ ነው በአላህ። አብራችሁ ናችሁ አሉ?»

የገዛ ወንድሜ። ስልኩን ዘጋሁ። ሁሴን ያለኝን ለይማም ብነግረው ቃሉ እውነት ሊሆንለት ነው። አልነገርኩትም። በምንጫችን መቅጠን ሳይሆን እሱ ትክክል በመሆኑ ነው ያዘንኩት። ቅናት እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ከሐጅ ሰሞን በፊት አቡ ነዋፍ ሁለታችንን ጠራን። ጉልበቱ አልታዘዘው ብሎት ነበር።

«ሥራ ሊበዛ ነው። ቅዳሜ ቁልፉን ለአንዳችሁ እሰጣለሁ» አለ። ሲናገር የሚያየው ይማምን ነው። ይማም ወደ እኔ እያመለከተ «ጋሽ ሰይድ ይቅደሙ፣ ታላቅ ናቸው» አለው። እርቅ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ምጽዋት አድርጌ ሰማሁት፤ ያ ነው የባሰብኝ።

ዐርብ ወርሻው ዝግ ነው። ሰው ሁሉ ለጁምዓ መስጊድ ሲገባ እኔ በውጭው ደረጃ ሰገነቱ ላይ ወጣሁ። ጁምዓ ሆን ብዬ የተውኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ያሰብኩት ይኼ ነው። ሲሊንደሮቹ ባዶ ከተገኙ ይማም ጋዙን ሸጦታል ይባላል። አቡ ነዋፍ ሌብነትን አይምርም።

ስድስት ነበሩ፣ የሁለት በጋ ጥርቅም። የመጀመሪያውን ከፈትኩት። ፍሽሽ አለ፣ ያ የምወደው ድምፅ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ጋዝ በፍጥነት ሲወጣ ሲሊንደሩ ይበርዳል። የጅዳ አየር ደግሞ ከባሕሩ የተነሣ ርጥብ ነው። ሲሊንደሮቹ ከታች ወደ ላይ ነጭ ይለብሱ ጀመር። በዚያ ፀሐይ መካከል ውርጭ። የአገሬን አመዳይ እንዲህ በቅርብ ካየሁ ዘመን የለውም። ሁሴን ጠፋብን ያለኝ እሱ ራሱ ፊቴ ተኮልኩሎ ነበር። ቆሜ አየሁት፤ በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት። ከጣቴ ላይ ወዲያው ቀለጠ።

የመጨረሻው ሲበርድ የጋዙ አወጣጥ ዘገየብኝ። ሰዓቱ ሄዷል፣ ሰዉ ከመስጊድ ሊወጣ ነው። ገለበጥኩት። ሲሊንደር ሲገለበጥ የሚወጣው ትነቱ አይደለም፣ ፈሳሹ ራሱ ነው። ይኼን ለተሸካሚ ሁሉ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ፈሳሹ ቀኝ መዳፌ ላይ ተረጨ። አላቃጠለኝም፤ ዝም ብሎ እጄ የሌላ ሰው እጅ ሆነ። ቆዳዬ ሰም መሰለ።

ቤት ገብቼ በጨርቅ ጠቀለልኩት። ሌሊቱን ውሃ ቋጠረ።

ቅዳሜ ጠዋት ለአቡ ነዋፍ «እላይ ወጥተህ የመሐንዲስህን ሲሊንደሮች መዝን» አልኩት። መውጣት ስለማይችል አስወረዳቸው። በሚዛን ላይ አንድ በአንድ ተቀመጡ። ስድስቱም ባዶ።

«ሸጥከው?» አለው ይማምን።

«አልሸጥኩም።»

«የት ገባ ታዲያ?»

«አላውቅም። ሐሙስ ሙሉ ነበሩ።»

አቡ ነዋፍ ፊቱ ጠቆረ። «በቤቴ የሚሰርቅ አይኖርም። ኸላስ፣ አበቃ። ፓስፖርትህን አምጣ፣ ኹሩጅ አስመታልሃለሁ።» ኹሩጅ የመጨረሻ መውጫ ነው፣ ወደ አገር መመለሻ። ሚስቱም፣ ልጆቹም ትምህርታቸውን ጥለው አብረውት ሊወጡ ነው።

ይማም ተሟግቶ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዐይኑ እጄ ላይ ዐረፈ። መጥቶ ጨርቁን ገለጥ አደረገው። አልከለከልኩትም።

«ምን ነካዎት ጋሽ ሰይድ?»

«የጋለ ዘይት።»

ቁስሉን አየው። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ዘይት ቢሆን ዙሪያው ይቀላ ነበር። ይኼ ነጭ ነው። የጋዝ ቁስል እንዴት እንደሚመስል እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ» አለኝ።

አቡ ነዋፍ አማርኛ አይሰማም። ይማም ዐረብኛው ከእኔ ዐረብኛ ይበልጣል፤ ዞሮ ሊነግረው ይችል ነበር። አልዞረም። እጄን እንደያዘ ቆመ።

«ምን አለህ?» አለኝ አቡ ነዋፍ። እኔን ነው የጠየቀው።

የፈለግሁትን ልል እችል ነበር። «ይቅር በለኝ አለኝ» ብል ያምነኛል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ እያየሁት ነው። ይማም ፊቱ ላይ ልመና የለም። ቢለምነኝ ኖሮ እዋሽበት ነበር መሰለኝ።

«ጋዙን የለቀቅኩት እኔ ነኝ» አልኩ በዐረብኛ።

«እሱ ያለህ ይኼን ነው?»

«አይደለም። ይኼን የምለው እኔ ነኝ።»

«ስንት ዓመት ነው የማውቅህ?» አለኝ አቡ ነዋፍ። ነገርኩት። «ፒንሳህን አምጣ» አለኝ። ሰጠሁት፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ቁልፉን አንሥቶ ለይማም ሰጠው። ከዚያ ይማምን «ይኼን ሰውዬ ምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቀው።

«ሐኪም ቤት እንውሰደው» አለ ይማም።

አላባረሩኝም። ሁለት የሐጅ ሰሞን በይማም ሥር ሠራሁ። የጋዝ መሳቢያ ማሽኑን የምሸከመው እኔ ሆንኩ። አንድ ቀንም ያን ነገር አላነሣብኝም። ቢያነሣብኝ ይሻለኝ ነበር። «ቀናሁብህ» ብዬ ነግሬው አላውቅም፤ ይኼን ካነበበ ይኸው ነገርኩት። አሁንም «ባሽሙሀንዲስ» ሲሉት አንድ ነገር ይወጋኛል። ያ አልተወኝም።

የሁሴንን ወሬ ግን ነገርኩት። የትሉን፣ የምንጩን፣ የጭላዳውን። ሰምቶ «መቼ ነበር የነገረዎት?» አለኝ። «ቆይቷል» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

የሰገነቱ ጋዝ ምን ያህል ጊዜ እላይ እንደሚቆይ ጠየቅሁት። «ብዙ ዓመት» አለኝ። ከቀረኝ ዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው።

ቀኝ መዳፌ ዳነ፣ ግን አይሰማም። ሙቅና ቀዝቃዛ አይለይም። ሥራ የተውኩት በዚህ ነው እንጂ በእርጅና አይደለም። የመጨረሻ ሰሞን ነካሳ ላይ፣ ሐጃ ዘይነብ ቤት፣ አንድ ሙከይፍ አስነሥቼ እንደ ልማዴ መዳፌን ከፊቱ ደቀንኩ። ምንም የለም። ይማምን ጠርቼ «በርዷል?» ብዬ ጠየቅሁት። መዳፉን ከመዳፌ አጠገብ አደረገና «በርዷል ጋሼ» አለኝ።

አሮጌ ሙከይፍ ስታወርዱ ቱቦ አትቁረጡ። ጋዙን ሰብስቡት፣ ቀን ቢፈጅም። ሲሊንደር አትገልብጡ። ደንበኛ ሞቀኝ ሲላችሁ መጀመሪያ ጣራውን እዩ። ከእናንተ የተሻለ ሠራተኛ ቢመጣ ሥራውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።